ሃምሳ ሎሚ በሐረጎ ዳገት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው ኮምቦልቻ 376 ኪሎ ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 401 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይሁንና ይህች አጭር መንገድ መንገደኛውን ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር ታሻግረዋለች። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ፣ በየጎፍ ተራራ ግርጌ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋች ወይና ደጋ ናት። ደሴ ጦሳን ተደግፋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ሐረጎን ጨርሶ ደሴ ሲገባ ጋቢ ያምረዋል።

የሁለቱን ከተሞች ልዩነት ለልጅ ለማስረዳት ካርታ መዘርጋት አያስፈልግም፤ ሎሚ ይበቃል። ሎሚ ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ ይጎዳዋል። ስለዚህ በኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባሉት በሐርቡና በከሚሴ በኩል በየግቢው ሳይለፋበት ያፈራል። ወደ ደሴ ሲወጡ ግን ዛፉ ቢበቅል እንኳ እንደ ታችኛው አገር አይጠግብም። የኮምቦልቻ ባለ ግቢ ሎሚው በዝቶበት ሲጨነቅ፣ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ያለችው የደሴ እመቤት ለሰላጣ የምትጨምቀውን ከገበያ ቆጥራ ትገዛለች። የዛሬው ጽሑፋችን በዚህች ዳገት ላይ ስለሚመላለሰው ሎሚ ነው።

በመጀመሪያ ሎሚ ስንል የትኛውን ማለታችን እንደሆነ እንግባባ። በአገራችን ግቢ የሚበቅለው ክብ፣ ትንሽ፣ ልጣጩ ስስ፣ ውኃው ብዙ የሆነው ነው። ፈረንጆቹ ላይም ከሚሉት ወገን ነው እንጂ ሌመን የሚሉት ሞላላውና ልጣጨ ወፍራሙ አይደለም። ወፍራም ልጣጭ ያለው የኛው ዘመድ ትርንጎ ነው፤ እሱ ግን የሚበላው ለነጭ ሥጋው ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው ከውጭ አገር መጽሐፍ ወይም ከስልክ ላይ የተገኘ አሠራር ለኛ ሎሚ ሲሆን መጠኑም ጊዜውም ስለሚለያይ ነው።

የሎሚ ዛፍ ትልቁ ዐመሉ ሁሉን በአንድ ጊዜ መስጠቱ ነው። ዝናብ ሲያገኝ ያብባል። በአንድ ሰሞን ያበበው ከአምስትና ከስድስት ወር በኋላ በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ደቡብ ወሎ በልግም ክረምትም ያላት አገር በመሆኗ ዛፉ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያብብ ይችላል፤ ቢሆንም ፍሬው በየሳምንቱ እየተመጠነ አይመጣም። አንድ ሰሞን የለም፤ ሌላ ሰሞን ከቅጠሉ ይበዛል። ያን ጊዜ ጎረቤቱም ሁሉ ሎሚ ስላለው የሚሰጡት ሰው ይጠፋል፤ ገበያም ዋጋ አይሰጥም። ፍሬው ከዛፉ ሥር ይረግፋል፣ ይሻግታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ልጆች ይረግጡታል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለዛፉ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ከተማ ሲሰፋ፣ ልጅ ሲያገባ፣ በግቢው ጥግ የሚከራይ ክፍል ልሥራ ሲባል፣ መጀመሪያ ምሣር የሚያርፈው ግቢውን የሚያቆሽሽና እሾሁ የሚወጋ ዛፍ ላይ ነው። ከዘር የበቀለ የሎሚ ዛፍ ደግሞ ፍሬ ለመስጠት አምስትና ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው አያት ናት፤ የሚያስቆርጠው ግን «ለምን ይጠቅመናል?» የሚለው የልጅ ልጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች በነካ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ በሩን ቆልፎ ወጥቷል። ሲመለስ ብዙ ንብረት በቦታው አልቆየውም። የግቢ ዛፍ ግን የትም አልሄደም። ያን ዓይነት ዘመን ያለፈ ዛፍ ፍሬው ስለበዛ ብቻ ቢቆረጥ ያሳዝናል።

አበው ለዚህ መልሱን አስቀድመው ነግረውናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ዕቁብና ዕድር ሲመሠረት፣ ገንዘብ ሲዋጣ ነው። ስለ ራሱ ስለ ሎሚው አድርገን የምንሰማው ጥቂት ነን። ኮምቦልቻ ላይ ግን ቃል በቃል ይሠራል። የተረፈን ሎሚ ሸክሙን ለማቅለል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለብዙ ሰው ማካፈል ነው። ሌላው ለብዙ ወር ማካፈል ነው።

ወደ ላይ የሚወጣው ሎሚ

ለብዙ ሰው ማካፈል በወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ወሎዬ ዘመድ ጥየቃ ባዶ እጁን አይሄድም። ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ወደ ደሴ የሚሳፈር ሰው በዘንቢሉ ወይም በፌስታሉ ሎሚ ቢይዝ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከእነዚያ ሎሚዎች አንዱ ደሴ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ያልቃል። ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ መኪናው ሲዞር ሆዱ የሚዞርበት ሕፃንም አዋቂም አይጠፋም። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እጇን ዘርግታ «እንኪ የኔ ልጅ፣ አሽቺው» ብላ አንድ ፍሬ ታቀብላለች። ልጅቱ ልጣጩን በጥፍሯ ጫር ጫር አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ማመስገን ስትጀምር «አብሽሪ፣ አሁን ደረስን» ትባላለች።

ዳገቱ ካለቀ በኋላ ደሴ ሎሚውን በሁለት መንገድ ትቀበላለች። አንደኛው ታውቆ ነው፤ ስለሌላት ትፈልገዋለች። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሎሚ ከዛፍ ከተቀጠፈ በኋላ እንደ ሙዝና እንደ አቮካዶ አይበስልም፤ እንደተቀጠፈ ይቀራል፣ ከዚያ እየደረቀ ወይም እየሻገተ ይሄዳል። እንዳይበላሽ የሚፈልገው ቀዝቀዝ ያለ ግን ብርድ ያልበረታበት ቦታ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ልጣጩ ይቆስላል። የደሴ ጓዳ ግን ያለ መብራት ቆጣሪ ይህን አየር ይሰጣል። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ሳምንት የሚጨማደድ ሎሚ ደሴ ላይ በጥላ ቦታ ቢቀመጥ የበለጠ ይሰነብታል። ስለዚህ ታች ያለችው እናት ላይ ላለችው ልጇ ሎሚ ስትልክ ስጦታ ብቻ አልላከችም፤ ጎተራም አግኝታለች።

ለመላክ የታሰበ ሎሚ ግን ከመሬት አይለቀምም። የወደቀ ፍሬ ውስጡ ተቀጥቅጦ ስለሚሆን ያንኑ ቀን ይጨመቅ። የሚላከው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከእነ ጉጧ ትንሽ እንዲተርፍ ተደርጎ በመቀስ ይቆረጥ። አንድ አንዱን በጋዜጣ መጠቅለል ጥሩ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ ሻጋታ ቢያወጣ ወደ ጎረቤቱ ቶሎ አይዛመትም። በሳምንት አንድ ጊዜ እያገላበጡ የተበላሸውን ማውጣት የልጆች ሥራ ሊሆን ይችላል። 

ዘንቢሉ ባዶውን ደግሞ አይመለስም። ከደሴ ዙሪያ ደጋ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ወደ ታች ይወርዳል። ዋጋ አይጠራም፣ ሚዛን አይወጣም። ደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ያለባት ከተማ ናት፤ ስሙም «አይጠየፍ» ነው፤ ሀብታሙንም ደሃውንም የማይንቅ ማለት። በየቤቱ ያለው ልማድ የዚያው ታናሽ ነው። ከዘመድ የተረፈው ለጎረቤት፣ ከጎረቤት የተረፈው ለዕድር ድንኳን ይሄዳል። የሠርግና የተዝካር ዶሮ የሚታጠበው በሎሚና በጨው ነው፤ አንድ ኬሻ ሎሚ ለድግስ ቤት የሚያመጣ ጎረቤት የመጀመሪያው ተመራቂ ይሆናል። ለዓሣም እንደዚሁ ነው፤ ከሐይቅ የመጣ ጥብስ ዓሣ ያለ ሎሚ ሲቀርብ የሚያጉረመርም እንግዳ አይጠፋም። አያቶች ደግሞ ሌላም ያስታውሳሉ፤ በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረት በሎሚ ይመታ የነበረበትን ዘመን። ያን ሎሚ ማንም «ተረፈ» ብሎ አላማረረበትም።

ከባሕር ማዶ የመጣ ስም

ሁለተኛው መንገድ ሎሚውን ለብዙ ወር ማካፈል ነው ብለናል። እዚህ ላይ ኮምቦልቻና አካባቢዋ ከብዙ ቦታ የተሻለ አስተማሪ አላቸው። ከደቡብ ወሎ፣ በተለይም ከቃሉና ከሐርቡ ብዙ ሴቶች ልጆች ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሄደዋል። በየሰው ማዕድ ቤት ዓመታት አሳልፈው ሲመለሱ ሰው የሚጠይቃቸው ምን ያህል እንዳጠራቀሙና ምን እንዳመጡ ነው። ምን መሥራት እንደተማሩ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በኩዌት፣ በኤምሬትስና በኦማን፣ ከማዕድ ቤት የማይጠፋ ጥቁር፣ ቀላልና ደረቅ ፍሬ አለ። በጨው ውኃ ተቀቅሎ በፀሐይ የደረቀ ሎሚ ነው። ስሙን «ሉሚ» ይሉታል። ኢራቆች በወደብ ከተማቸው ስም «ኑሚ ባስራ» ይሉታል። ሥጋ ወጡም፣ ሩዙም፣ ዓሣውም፣ የምስር ሾርባውም ውስጥ ይገባል። ከወሎ የሄደች ልጅ ስሙን ለመልመድ አንድ ቀን አይፈጅባትም፤ ቃሉ ከእናቷ ግቢ ቃል ጋር ወንድማማች ነው። ፍሬውም ቃሉም ከእስያ ተነስተው በባሕርና በሲራራ ንግድ ብዙ አገር ዞረዋል፤ ከዓረቡ ሉሚና ከኛ ሎሚ ሌላ ፋርሶችም ሕንዶችም በተቀራራቢ ስም ይጠሩታል።

ከኩዌት የተመለሰች አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ በእናቷ ግቢ ይህንኑ ስትሠራ አይቻለሁ። እናቲቱ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «አንቺ ልጅ፣ ሎሚ ደግሞ እንደ በርበሬ ይሰጣል እንዴ?» አሏት። «እማዬ፣ እዚያ እኮ በብር ነው የሚገዙት» አለቻቸው። እማማ ሰፌዱን ራሳቸው አመጡላት። ስጥ መጠበቅ ለእሳቸው አዲስ ሙያ አልነበረም፤ የበርበሬውንና የድርቆሹን ያህል ዶሮ ማባረር ብቻ ነው። የኮምቦልቻ የበጋ ፀሐይ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቢጫ የሆኑ፣ ልጣጫቸው ያልቆሰለ ትንንሽ ሎሚዎች ይመረጡና ይታጠባሉ። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ተጨምሮ ሲፈላ ሎሚዎቹ ይገባሉ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ከፈሉ በኋላ ወጥተው ይጠፈፋሉ። ከዚያ በሰፌድ ወይም በወንፊት ሽቦ ላይ ሳይነባበሩ ይሰጣሉ። በየቀኑ ይገላበጣሉ፤ ማታ ወደ ቤት ይገባሉ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቡናማ ሆነው እንደ ቅል ይቀላሉ፤ ሲወዘወዙ ውስጣቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማል። በመካከሉ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣ ካለ ይጣል፤ «ፀሐዩ ያደርቀዋል» አይባልም። የደረቀው በተከደነ ዕቃ ወራት ይቆያል።

ሲሠራበት አንድ ፍሬ ሁለት ቦታ ይበሳና ከወጡ ጋር ይፈላል፤ ፍሬዎቹ መራራ ስለሆኑ ተሰንጥቆ ቢወጡለት ይሻላል። ለረመዳን ሾርባ አንድ ደረቅ ሎሚ ጥሩ ጣዕም ይሰጣል። ለጾም ምስር ወጥም እንዲሁ። ቀጥቅጦ በውኃ አፍልቶ በስኳር መጠጣትም አለ፤ እዚያው አገር እንደ ሻይ ይጠጡታል። ሎሚ የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፤ በወሎ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ስላሉ ማሰሮው ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጣም።

በጨው፣ በስኳር፣ በብርድ

ፀሐይ የማያገኝ የደሴ ቤት ደግሞ ጨው አለለት። ሞሮኮዎችና ሕንዶች ለብዙ ትውልድ የኖሩበት ዘዴ ነው። ለአንድ ኪሎ ሎሚ 200 ግራም ያህል ጨው ይያዛል። ሎሚዎቹ ከታች ሳይለያዩ ለአራት ይሰነጠቁና ጨው ይሞላባቸዋል። አፈ ሰፊ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ተጭነው ይከተታሉ። የራሳቸው ውኃ ካልሸፈናቸው የሌላ ሎሚ ጭማቂ ይጨመራል፤ ከውኃው ብቅ ያለ ሎሚ ይሻግታል። ከአራት ሳምንት በኋላ ልጣጩ ይለሰልሳል። ሲበላ ጨው ስለሚበዛበት ይታጠባል፤ ተከትፎ ከአዚፋ፣ ከሰላጣ ወይም ከዓሣ ጋር ይቀርባል። የደም ግፊት ያለባቸው አያቶች ግን ጣዕሙን ከሩቅ ቢያደንቁ ይሻላል።

ለልጆች የሚሆነው ሽሮፕ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር በግማሽ ሊትር ውኃ ይሟሟል፤ ሲቀዘቅዝ ሦስት ሩብ ሊትር የተጣራ ጭማቂ ይጨመርበታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ አንዱ እጅ በአራትና በአምስት እጅ ውኃ ተበርዞ ይጠጣል። ማርማላታም አለ። በመርቲ ማርማላታ ያደግን ሁሉ የብርቱካኑን እናውቃለን፤ የሎሚውም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። በስሱ ተከትፎ በውኃ ያድራል፤ ልጣጩ እስኪለሰልስ ይቀቀላል፤ በክብደቱ ልክ ስኳር ተጨምሮ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብታው እስኪረጋ ይበስላል። ፍሬዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ታስረው አብረው ቢቀቀሉ ማርማላታው ቶሎ ይረጋል። ፍሪዘር ያለው ቤት ደግሞ ጭማቂውን በበረዶ መሥሪያው አፍስሶ፣ ሲረጋ በፌስታል አጠራቅሞ አንድ አንድ እያወጣ ይጠቀምበታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ መርሳት የሌለብን ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። የሎሚ ውኃ በአሉሚኒየም ድስት አይቀመጥም፤ ብረቱን ይበላል። ሎሚ ስትጨምቅ የዋለች ሴት ወይም የተጫወተበት ልጅ እጁን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ቆዳው ሊቃጠልና ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ፊት ላይ ሎሚ ቀብቶ መውጣት ይቅር። ለጉንፋን ሎሚና ማር ደግ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ሎሚ ከጠጡ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው፤ ጥርስ ለመቦረሽ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ይገባል። ጨጓራ የሚያመው ሰው ራሱን ያውቃል።

ጥቅሙም የዚያኑ ያህል የተመሰከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ የመርከብ ሐኪም ድዳቸው እየደማ የሚሰቃዩ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ስድስት ዓይነት ነገር ሰጣቸው። ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ነበሩ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኞቹ ሁሉ ማደል የጀመረው ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ1795 ነው። ዛሬ ምክንያቱ ቫይታሚን ሲ እንደሆነ እናውቃለን። ለኛ ማዕድ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ከምስር፣ ከጎመንና ከጤፍ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ እንዲወስደው ያግዛል። ለነፍሰ ጡርና ለሚያድግ ልጅ ምስሩ ላይ ግማሽ ሎሚ መጭመቅ ወጪ የሌለው ምክር ነው። ሻይና ቡናውን ግን ከምግቡ ጥቂት ማራቅ ይገባል፤ እነሱ ተቃራኒውን ይሠራሉ። ቫይታሚኑ በእሳትና በፀሐይ ስለሚቀንስ ለዚህኛው ጉዳይ ትኩሱ ሎሚ ከደረቁ ይበልጣል።

እንግዲህ ተረቱ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ካለ፣ ዓመትም ሃምሳ ሁለት ሳምንት አላት። ዘንድሮ ግቢዎ ውስጥ ሎሚ ከተትረፈረፈ ለሦስት ይክፈሉት፤ አንዱን ወደ ደጋ ዘመድ ይላኩ፣ አንዱን ያስጡ፣ አንዱን በጨው ያኑሩ። ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ በቤትዎ ወይም በጎረቤት ካለች «እዚያ ሎሚን ምን ያደርጉታል?» ብለው ይጠይቋት፤ ልጆቹንም አብረው ያስቀምጧቸው። ደሴ ያላችሁ ደግሞ ከኮምቦልቻ የመጣውን ዘንቢል ስትመልሱ ድንቹን ከላይ፣ ባዶውን ብልቃጥ ከታች አድርጉበት። ብልቃጡ በሚቀጥለው ወር ሞልቶ ይመጣል።